የእጅ ፍሬኑን ካላላን በኋላ

ሆዴ አበጋዝ፣

ደሴ ብለህ ከወጣህ ሁለት ፋሲካ አለፈ። ልጽፍልህ ስነሳ እጄ እምቢ ይለኝ ነበር። የሞትክ ሳይሆን መንገድ ላይ የዘገየህ እየመሰለኝ የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወደ በሩ አያለሁ። ዛሬ ግን የምነግርህ አለኝ። ያረፍክበትን አይቼ መጣሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን የሺ አንተ ስትሄድ ገና ትድህ ነበር፤ አሁን ግቢውን ስትዞር ትውላለች። ስትስቅ አፍንጫዋን የምትሸበሽበው እንዳንተ ነው፤ ማንም አላስተማራትም። ዝናቡም ተመልሷል። አምና ገብስ አየን፣ ዘንድሮ ባቄላውም ያዘ። ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። አባቴ ሬዲዮ ያለበት ቤት ሄደው ሰምተው መጡና ጋቢያቸውን እንደለበሱ ተቀምጠው ዋሉ። ቀጥሎ መሬት ላራሹ ተባለ። መሬቱ በገመድ እየተለካ ሲከፋፈል እኔም በስሜ ከወንዙ ማዶ ቁራሽ ደረሰኝ። ብትኖር «ዘኑ፣ ባለርስት ሆንሽብኝ» ብለህ ትቀልድብኝ ነበር። አባቴ በቅስናቸው ከያዙት መሬት ግማሹ ሄደባቸው። አላማረሩም።

የምትነዳት መኪና ባለቤትም አገር ጥሎ ሸሸ፤ መኪናዋን መንግሥት ወረሳት። ካንተ በኋላ አንድ ሾፌር እዚህ መካነ ሰላም ድረስ አምጥቷት ነበር፤ ፍሬን አልይዝ ብላው ከእህል መጋዘኑ ኋላ ጥሏት ሄደ። ወደ ገበያ ስሄድ በዚያ በኩል አላልፍም ነበር። አንዴ ጎማዎቿ ሥር ሣር በቅሎ አይቼ ነው መንገድ የቀየርኩት።

ያ ክፉ የረሃብ ዘመን ከፊቴ አይጠፋም። ከወግዲ በኩል፣ ከቆላው ሁሉ፣ ሰው ልጁን አዝሎ ወደ መኪና መንገዱ ይወጣ ነበር። አንተ እህል አምጥተህ ታራግፍና ስትመለስ ሰው እንዳትጭን ታዘህ ነበር። ያዘዙህን አልሰማሃቸውም። «ባዶ መኪና ይዤ የወደቀ ሰው አልፌ ብሄድ እንቅልፍ ይወስደኛል?» ብለህ አባቴን ስትጠይቃቸው እዚያው ነበርኩ። አባቴም «ጫናቸው» አሉህ። ከዚያ ወዲህ ስንቱን ደሴ መጠለያ አደረስክ። ያን ሁሉ ሰው ጭነህ ቁልቁለቱን ስትወርድ የኋላ ፍሬኗ ሸራ፣ እየተጫነ ጎማውን የሚያቆመው፣ ተበልቶ አለቀ። አዲስ ሸራ ደሴም ጠፋ።

ለመጨረሻ ጊዜ ስትወጣ፣ በዋዜማው እኛ ግቢ መኪናዋን አቁመህ ከሥሯ ገባህ። እኔን ከመሪው ኋላ አስቀመጥከኝ። ከሥር ሆነህ «ሳቢው» ስትል የእጅ ፍሬኑን እስባለሁ፣ «ልቀቂው» ስትል እለቃለሁ። አንተ የገመዱን ማጥበቂያ እያጠበቅህ ነበር። ሸራው ስላለቀ፣ የእግሩ ፍሬን ቢከዳህ በእጁ ለመያዝ ነው። እንዳይላላም ሁለተኛ ዳዶ ደረብክበትና በሽቦ ጠፈርከው። ስትወጣ አፈር በአፈር ሆነህ እየሳቅህ እንዲህ አልከኝ፤ «ይሄ ማስታገሻ ነው ዘኑ። አዲስ ሸራ የተገኘ ዕለት ከሁሉ በፊት የሚላላው ይሄ ነው። አለዚያ ሸራው ታምቡሩን፣ ያን ጎማው የሚታሰርበትን ክብ ብረት፣ ከውስጥ ጨምድዶ ይይዘዋል፤ በመዶሻም አይወጣ።»

«ለኔ ምን ትነግረኛለህ፣ እኔ መካኒክ ነኝ?» ብልህ፣ «ታዲያ ሌላ ማን አለኝ የምነግረው» አልከኝ።

በማግስቱ ሰዎቹን ጭነህ ወጣህ። አንዲት እናት ሕፃኗን ታቅፋ ካንተ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። እጅህን በመስኮት አውጥተህ አውለበለብክልኝ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ የሥራ ጓደኛህ መጣ። ለአባቴ ነው የነገራቸው፣ እኔ ከበሩ ኋላ ሰማሁ። ከጫንካቸው ሰዎች ተስቦ ይዞህ፣ እነሱን ስታደርስበት በነበረው መጠለያ ወድቀህ አርፈሃል። መኪናህ ደጅ ቆማ ቢያያት ጠይቆ ነው የሰማው። የት እንደተቀበርክ የሚነግረው አላገኘም። መቃብርህን ሳላይ ዐርባህን አወጣሁ፣ ሙት ዓመትህንም አወጣሁ። መሄድ አቅቶኝ ነው። መጀመሪያ የሺ ጡት አልጣለችም፤ ኋላ ደግሞ መሬታቸው የተወሰደባቸው ጫካ ገብተው መንገዱ ተኩስ ሆነ። እስኪረጋጋ መኪና አልነበረም።

ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ አንድ ሰው በራችንን አንኳኳ። ጋሼ እንድሪስ ይባላሉ፣ የወረኢሉ ሰው ናቸው፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሾፌር። መኪናዋን ጠግነው ደሴ እንዲወስዷት ታዘው ነው። «የባልሽን ነገር ሰምቻለሁ፣ አላህ ይዘንለት» አሉኝ። «ሸራውን አምጥቼዋለሁ። መፍቻ ነው ያነሰኝ፤ የእሱ ካለ ብታውሺኝ ብዬ ነው።»

ካንተ ወዲህ ማንም ያልነካውን፣ ቤት ትተኸው የሄድከውን መሣሪያህን ከነከረጢቱ አወጣሁላቸው። የሺን ለአባቴ ትቼ ተከትያቸው ሄድኩ። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ደገፉ፣ የኋላውን በክሪክ አነሱ፣ ጎማውን ፈቱ። ታምቡሩ ግን እምቢ አለ። በመዶሻ ዙሪያውን ቢመቱት፣ ዘይት ቢያጠጡት ንቅንቅ አላለም። ፀሐይ ጠና። ላባቸውን ጠርገው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና «ይቺ መኪና ደሴን መልሳ የምታይ አይመስለኝም» አሉ።

አበጋዝ፣ ያን ጊዜ ነው ልቤ ክው ያለው። እሷ ካልሄደች እኔም አንተን ፍለጋ ደሴ አልሄድም ማለት ነው።

«ጋሼ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀውታል?» አልኳቸው።

«ከሁሉ በፊት የለቀቅሁት እሱን ነው።»

«ከሥር ያለውንስ፣ የገመዱን ማጥበቂያ? አበጋዝ ሸራው ሲያልቅበት አጥብቆት ነበር። ሁለት ዳዶ አለው፤ ጭቃ ሸፍኖት ይሆናል።»

አንዴ አዩኝና ከሥሯ ገቡ። ጭቃውን ሲፍቁ ይሰማኛል። ቆይተው «አገኘሁት፣ በሽቦ ጠፍሮታል» አሉ። ሽቦውን ቆርጠው ዳዶዎቹን አላሉና ከሥር ሆነው «እስቲ ግቢና ሳቢው» አሉኝ።

ገባሁ። መቀመጫዋ እንደድሮው ነው፣ ግራ ጎኑ የጎደጎደው። እጀታውን ያዝኩ። «ሳቢው» አሉ፣ ሳብኩ። «ልቀቂው እህቴ» ሲሉ ዐይኔን ጨፍኜ ለቀቅሁት። ድምፁ ያንተ አልነበረም። ቢሆንም ለአንዲት አፍታ ከሥር ወጥተህ አፈርህን የምታራግፍ መሰለኝ፤ ዐይኔን ለመግለጥ ፈራሁ።

ታምቡሩ በእጅ ወጣ። ጋሼ እንድሪስ ሸራውን አውጥተው ብዙ አገላበጡት። ሸራ አይባልም፣ ብረቱ ነበር የቀረው። «ያን ሁሉ ሰው በዚህ ነው ያወረደው?» አሉ። አዲሱን ከገጠሙ በኋላ ማጥበቂያውን ከሁሉ በመጨረሻ፣ በልኩ አጠበቁት። ምን ላድርግልሽ ሲሉኝ «ደሴ ይውሰዱኝ፣ መቃብሩን አላውቀውም» አልኳቸው።

«አብሽሪ» አሉኝ። «ከፊት ትቀመጫለሽ።»

በማግስቱ ሄድን። የለጋምቦ ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ አንተ ስታወራው የምታጋንን ይመስለኝ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን በረገጡ ቁጥር መኪናዋ እሺ ትላቸዋለች። እኔ ግን ያን ገደል ፍሬን ሳይኖራት፣ ሰው ጭነህ፣ በዚያች እጀታ ተማምነህ ስትወርድ እየታየኝ ጉልበቴን ጨብጬ ደረስኩ።

መጠለያው ፈርሷል። የነበረበትን ሠፈር ቤተ ክርስቲያን ሁሉ እየዞርኩ ጠየቅሁ። ሰው ያዝንልኛል እንጂ የሚያውቅ የለም፤ ያን ጊዜ የተቀበረው ብዙ ነው። በመጨረሻ ከአንዱ ደጀ ሰላም የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ የነገርኳቸውን አዳምጠው «ሾፌር ነበር?» አሉኝ።

«አዎ አባ።»

«አስታውሰዋለሁ። አስከሬኑን ያጠቡት ሰዎች ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር ቅባት አልለቅ ብሏቸው ሲያዝኑ ነበር። ተዉት፣ የሥራው ነው አልኳቸው። ትኩሳቱ አፉን ይዞት ስሙን እንኳ ሳይነግረን ሄደ። ማተቡን አይተን ፍትሐት አደረስንለት።»

እጄን ይዘው ከጽዱ ሥር ወሰዱኝ። ድንጋይ ተከምሮበታል፣ ሌላ ምንም የለውም። ተደፍቼ አለቀስኩ። ያልተለቀሰ ብዙ ነበረኝ። ስለየሺ ነገርኩህ፣ ስለ ገብሱ ነገርኩህ። አባ አልቸኮሉም፤ ፈንጠር ብለው ቆመው ጠበቁኝ።

ስነሳ «እስካሁን በጸሎት ሳነሳው፣ ስሙን አንተ የምታውቀው ባሪያህን እያልኩ ነበር» አሉኝ። «የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

«ወልደ ሚካኤል» አልኳቸው።

መስቀላቸውን አንስተው እዚያው፣ ድንጋይህ ላይ፣ በስምህ ጸለዩልህ። አበጋዜ፣ ስምህ ሲጠራ በጆሮዬ ሰማሁ። ከዚያች ቀን ወዲህ የመኪና ድምፅ ስሰማ ወደ በሩ አላይም። ናፍቆቱ ግን ያው ነው፤ እንዲያውም አሁን የሚሄድበት ቦታ አገኘ። የሺ መንገድ ስትችል ይዣት እመጣለሁ። እስከዚያ እዚህም በየሚካኤሉ አባቴ ያስቡሃል፣ እዚያም አባ ያስቡሃል፣ ማታ ማታ ደግሞ እኔና ልጅህ። እኔ ቆሜ እያለሁ ስም እንደሌለው ሰው አትታሰብም።

ያንተዋ ዘኑ