ውሃው መውጫ ያጣበት ሳምንት

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2003 ዓ.ም.

ሦስት ገጽ! ቤታችን በጭቃ ተሞልቶ፣ ፍራሻችን ውሃ ጠጥቶ፣ ቀበሌ የላከልን ነገር ሦስት ገጽ ወረቀት ነው። አካፋ አይደለም። ባልዲ አይደለም። «ከጎርፍ አደጋ በኋላ ነዋሪዎች ሊያደርጓቸው የሚገቡ ጥንቃቄዎች» ይላል። ማኅተሙን ሁለት ቦታ መትተውበታል፤ አንዱ እንዳያንሰን።

ሠላሳ አንድ ዓመት ማዘጋጃ ቤት ታይፒስት ሆኜ ስሠራ እንዲህ ያለውን ወረቀት በነዚህ ጣቶቼ ስንቱን መትቻለሁ። «አጥብቀን እናሳስባለን» የሚለውን ዓይኔን ጨፍኜ እመታዋለሁ። ለኔ ተልኮልኝ ግን አያውቅም ነበር። ለካ እንዲህ ነው የሚያናድደው።

ቁጥር 1፦ ነዋሪው እንዲረጋጋ። (ተረጋጋሁ።)
ቁጥር 2፦ ግድግዳው የተሰነጠቀ ቤት ውስጥ አይግቡ። (የት እንግባ? እሱ አልተጻፈም።)
ቁጥር 3፦ ውሃ አፍልተው ይጠጡ። (ይሄስ እውነት ነው። አፈላሁ።)
ቁጥር 5፦ የረጠቡ ዕቃዎችን ፀሐይ ላይ ያስጡ። በነሐሴ! ፀሐዩንም ከቀበሌ ነው የምንወስደው?
ቁጥር 9፦ የጀጎልን ግንብ ያለ ፈቃድ መንካት በሕግ ያስጠይቃል።

ቁጥር 9ን ሁለቴ አነበብኩት።

ጎርፉ የመጣው እሁድ ነው፣ ፍልሰታ በገባበት ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ። ከላይ ከጊደር መጋላ በኩል የወረደው ውሃ የኛን ቁልቁለት ጨርሶ ኤረር በር አጠገብ ግንቡ ሥር ሲደርስ ቆመ። መውጫ አጣ። ከዚያ ዞሮ ወደ እኛ መጣ። እስከ ጉልበቴ ደርሶ ነበር። የጎረቤቴ የሐጂያ ሩቂያ የጓሮ ክፍል ግድግዳ ዓይናችን እያየ ተናደ። ከእናታቸው የወረሷቸው የአለላ ስፌቶች እዚያ ነበር የተሰቀሉት።

ሐጂያ ሰባውን አልፈዋል። ከእሁድ ጀምሮ እኔ ቤት ናቸው። እሳቸው ረመዳን፣ እኔ ፍልሰታ። ሁለት ጾመኛ አንድ ክፍል ውስጥ፣ ጭቃ እየሸተተን። ሲመረኝ ስሳደብ «በጾሜ አታናግሪኝ» ይሉኛል።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 4

ቀበሌ አዳራሽ ስብሰባ። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ተጠርተን አራት ሰዓት ተጀመረ። የአደጋ ኮሚቴው ጸሐፊ ልጅ እግር ነው፤ ጭቃ ያልነካው አዲስ ቦት ጫማ ተጫምቷል። ስሙን ነግሮን ነበር፣ እኔ ግን ባለቦቱ ብዬዋለሁ። ሦስቱን ገጽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበልን። ማንበብ የማንችል ይመስል! ቁጥር 7 ላይ ሲደርስ «ነዋሪው የፍሳሽ መውረጃዎችን ባለመጠበቁ» የምትል ነገር አለች። እዚያ ላይ ተነሳሁ።

አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። «ላይኛውን መንገድ ኮብልስቶን ስታነጥፉ ውሃው እንደሚፈጥን ማን አሰበ? ውሃው መውጫ አጣ እንጂ እኛ ምን በደልን?» አልኩ። ሰው አጨበጨበልኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ባለቦቱ አልተቆጣም። «መውጫ ነበረው አይደል፣ እትዬ አስካለ? የግንቡ ቀዳዳ። እሱን ምን ዘጋው?» አለኝ።

ጀጎል ግንብ ሥር ከጥንት የተተዉ ቀዳዳዎች አሉ። ዝናብ ሲሆን ውሃ ይወጣባቸዋል፣ ሲመሽ ጅብ ይገባባቸዋል። አንዱ ያለው የኛ መንገድ መጨረሻ ላይ ነው።

ዓይኔን ወደ ወረቀቱ መለስኩ። ከኋላ አንድ ሰው «ቆሻሻ ነዋ! እዚያ የሚቀመጡት ሻጮች የሚጥሉት ቆሻሻ!» አለ።

ባለቦቱ አሁንም ወደ እኔ ነው የሚያየው። «ነው?»

«ነው» አልኩ።

ጻፈው። «በነዋሪዎች ጥቆማ መሠረት» ብሎ ጮክ እያለ ጻፈው። ሐጂያ አጠገቤ ተቀምጠው የተስቢሕ መቁጠሪያቸውን ይቆጥሩ ነበር፤ ጣታቸው ቆመ። ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ቃል አላወጡም። ጾሙ ነው ብዬ ተውኩት።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 5

የዛሬ ድሎች፦
ቡታጋዙ ነደደ።
የጡረታ ደብተሬ ደረቀ፤ ፎቶዬ ላይ ግማሽ ፊቴ ጠፍቷል፣ ይሁን።
ከሐጂያ ስፌቶች ሁለቱ ቀለማቸውን አልለቀቁም። ሌሎቹ ሻግተዋል። እየጠረግኩ ልጥላቸው ስል ከእጄ ቀሙኝ።

ከሰዓት በፊት ወደ ዘሃራ ሄድኩ። ዘሃራ ከኤረር በር ውጭ ካለው ገጠር አህያዋን እየነዳች የምትመጣ ሻጭ ናት። ድንች፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ። የኛ መንገድ መጨረሻ፣ ቀዳዳው አጠገብ ግንቡን ተደግፋ ትቀመጣለች፤ ከሷ በፊት እናቷ ነበሩ የሚቀመጡበት። ድንቹን አምስት አምስት እያደረገች ትደረድራለች። አንድ መደብ ስገዛ ስድስተኛ ድንች ትጨምርልኛለች፣ ምርቃት። አንድ ቀን ረስታ አታውቅም።

ከራሷ በላይ ግንቡ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። «እትዬ፣ አንቺ ማንበብ ታውቂ የለ? ምንድነው የሚለው?» አለችኝ። ለማንም «አንቺ» ነው የምትለው፤ ኦሮምኛዋ ነው የሚቀድማት።

አነበብኩላት። ለጎርፉ መንስኤ የሆኑ ሕገወጥ ሻጮች እስከ መጪው ሰኞ ከቦታው እንዲነሱ አጥብቀን እናሳስባለን።

«እኔ ነኝ ጎርፍ ያመጣሁት? ወላሂ! የሽንኩርት ልጣጭ ይሄን የሚያህል ቀዳዳ ይዘጋል? ልጣጩን አህያዬ ትበላው የለ እንዴ! ከዚህ ተነስቼ የት ልሂድ? ሸዋ በር ልሂድ? እዚያ ማን ቦታ ይሰጠኛል?»

«ቆሻሻማ ነበር!» ብዬ ጮህኩባት። በሰው ፊት። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆኖብኝ።

ዘሃራ አየችኝ። ከዚያ ድንቹን በፌስታሌ ጨመረችልኝ። ቤት ገብቼ ስቆጥር ስድስት ነው።

ለምን እንደጮህኩባት አውቃለሁ። አልጽፈውም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 6

ዛሬ ደግሞ የቅርስ ባለሙያ መጣ። ግንቡን ፎቶ አነሳ፣ የሐጂያን የተናደ ክፍል ፎቶ አነሳ፣ ጭቃውን ፎቶ አነሳ። ቀዳዳው ፊት የተከመረውን ጥራጊ በእግሩ ነካ አድርጎ «እዚህ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ መጠናት አለበት» አለ።

«አሁኑኑ ይቆፈርና ይታያ!» አልኩት።

«ቅርስ ነው፣ እናቴ። ማመልከቻ ይገባል። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣችኋል።»

«እንግዲያው ለዝናቡም ማመልከቻ ጻፉለት፣ አሥራ አምስት ቀን እንዲታገስ!»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲል ጾሜን ፈትቼ ገና አንድ ጉርሻ ሳልጎርስ ዘነበ። ግማሽ ሰዓት ቢዘንብ ነው። ውሃው እንደገና ተመልሶ የቤቴን ደፍ አለፈ። በባልዲ ስጨልፍ ዞር ብል ሐጂያ ሩቂያ አልጋዬ ላይ ቆመዋል። ሁለቱን የተረፉ ስፌቶች ደረታቸው ላይ አቅፈዋል። ያዩኛል።

እሺ። ልጻፈው። ይህን ደብተር ከኔ ሌላ ማንም አያነበውም፤ ለራሴም ከዋሸሁ እንግዲህ ምን ቀረኝ?

ቀዳዳውን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ለፋሲካ የገዛሁትን በግ በቀዳዳው የገባ ጅብ ግቢዬ ድረስ መጥቶ ወሰደብኝ። ገመዱ ብቻ ቀረ። በንዴት ግንበኛ ቀጠርኩ። በአንድ ቀን ድንጋይና ሲሚንቶ ሞላበት። ለውሃው ክንድ የሚያሾልክ ቱቦ ተወ። ፈቃድ አልጠየቅኩም። ማዘጋጃ ቤት የምሠራ ሴት ማን ይጠይቀኛል ብዬ! ሐጂያ ያን ቀን በራቸው ላይ ቆመው «አስካለ፣ የውሃና የወራባ መንገድ አይዘጋም» ብለውኝ ነበር፤ ወራባ የሚሉት ጅቡን ነው። ስቄ አለፍኩ። ከዚያ በኋላ ጥራጊው በላዩ ተከመረ፣ ቱቦው በደለል ሞላ፣ እኔም ረሳሁት። የለም፣ አልረሳሁትም። ቁጥር 9ን ለምን ሁለቴ አነበብኩ ታዲያ?

ኮብልስቶኑ ውሃውን አፈጠነው፣ እሱ እውነት ነው። መውጫውን ግን ኮብልስቶን አልዘጋውም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 7

በማለዳ ቀበሌ ሄድኩ። ባለቦቱ ብቻውን ነበር። ሳልቀመጥ ነገርኩት። እስክጨርስ ሰማኝና በሩን ዘጋው።

«እትዬ፣ መንስኤው እኮ ወደ ላይ ተልኳል» አለኝ።

«ታዲያ አውርደው!»

«ቁጥር 9ን አንብበዋል? ይሄ ነገር በጽሑፍ ከመጣ እርስዎ ነዎት የሚከሰሱት። እሷ ሌላ ቦታ ትቀመጣለች፣ እርስዎ ግን በዚህ ዕድሜዎ ፍርድ ቤት... ይተዉት። እኔ አልሰማሁም።»

ለኔ አዝኖ ነው። ይሄ ደግሞ የባሰ አበገነኝ። ለኔ ለማዘን ጡረተኛ መሆኔ በቃው፤ ለዘሃራ ማን ይዘን? «ጥፋቴን አልቀበልም ካልክ እኔ ራሴ አስታውቃለሁ» ብዬው ወጣሁ።

ቤት ገባሁ። የጽሕፈት መኪናዬን ለማዘጋጃ ቤት መልሻለሁና በእጄ ጻፍኩት፣ በትልልቁ፣ በሥርዓቱ፦

«ለሰፈሩ ነዋሪዎች በሙሉ።
ጉዳዩ፦ የግንቡን ቀዳዳ የዘጋው ማን እንደሆነ ስለማሳወቅ።
ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው ቀዳዳውን በድንጋይና በሲሚንቶ ያስደፈንኩት እኔ አስካለ ነኝ። ዘሃራ አይደለችም። የሽንኩርት ልጣጭም አይደለም። በመሆኑም ዘሃራ ከቦታዋ እንዳትነሳ አጥብቄ አሳስባለሁ።
ግልባጭ፦ ለቀበሌው፣ ለቅርስ፣ ለሐጂያ ሩቂያ።»

ፈረምኩበት። የነሱን ማስታወቂያ ሸፍኜ ግንቡ ላይ ለጠፍኩት። ዘሃራ ተቀምጣ ታየኛለች። እንደገና አነበብኩላት፣ የራሴን።

ድንቿን መደርደር አቆመች። «ሐሙስ ስትጮሂብኝ ይሄን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ሰው ሁሉ እየሰማ።»

«አዎ።»

ከቤት ዲጅኖ አመጣሁ። ጥራጊውን ጠርጌ ሲሚንቶው ብቅ ሲል አንዴ መታሁት፤ ዲጅኖው ነጥሮ ሊጥለኝ ነበር። ዘሃራ ተነስታ ከእጄ ነጠቀችኝ። እንዴት እንደምትመታው! እኔን እየመታች እንደሆነ ገብቶኛል። የሐጂያ አፎቻ ሴቶች፣ ለሰርግና ለለቅሶ የሚሰበሰቡት ማኅበርተኞቻቸው፣ አካፋና ባልዲ ይዘው መጡ። ማን እንደጠራቸው አልጠየቅኩም። ሁሉም ጾመኞች፣ ውሃ እንኳ አልቀመሱም። አንድ ሰው «ቅርስ ነው፣ ትታሰራላችሁ!» ብሎ ሲጮህ ሐጂያ ሩቂያ በርጩማ ላይ ተቀምጠው «ግንቡን ማን ነካ? የሚሰበረው የአስካለ ሲሚንቶ ነው» አሉት። አሥር ሰዓት ላይ በዚያኛው በኩል ብርሃን ታየ።

ማታ ለማፍጠሪያ ተምር እያቀረብኩላቸው ጠየቅኳቸው። «ሐጂያ፣ ያውቁ ነበር አይደል?»

«ግንበኛውን ቆሜ ሳየው አልነበር?»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ? ቤትዎ ፈርሶ! ስፌትዎ ሻግቶ!» ብዬ እሳቸው ላይም ጮህኩ። እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

«ግድግዳዬ ፈረሰ ብዬ ጎረቤቴን ልክሰስ? አቦ ተይኝ። ለዚያች ልጅ ግን እናገር ነበር። እስከ ሰኞ ቀጠሮ ሰጥቼሽ ነበር፣ አንቺ አላወቅሽም እንጂ» አሉና ተምራቸውን ቢስሚላህ ብለው አነሱ።

እሁድ፣ ነሐሴ 8

ከሰዓት ዘነበ። ካለፈው እሁድ አይተናነስም። ነጠላዬን ተከናንቤ ወጥቼ ቆምኩ። ውሃው ቁልቁለቱን እየጋለበ መጣ፣ ግንቡ ሥር ደረሰ፣ በቀዳዳው ገብቶ ወደ ኤረር በኩል ወጣ። ሄደ። ደፌ ላይ አንድ ጠብታ አልመጣም። ሐጂያ ከውስጥ «ወጣ?» አሉኝ። «ወጣ!» አልኩ። «አልሐምዱሊላህ» አሉና ተኙ። ከሳምንት ወዲህ ቀን ሲተኙ ዛሬ ገና አየሁ።

ባለቦቱ በዝናቡ መሐል መጣ። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ቀበሌ እንድቀርብ የሚል መጥሪያ ሰጠኝ፤ ከቅርስም ሰው ይኖራል። «ዘሃራ ትነሳለች ወይስ አትነሳም?» አልኩት። «እሱ ነገ ይታያል» አለኝ። ቦት ጫማው ላይ ጭቃ አለ። የሚከሱኝ ከሆነ ይክሰሱኝ። የጻፍኩትን ወረቀት ግን ዝናቡ አጥቦታል፤ ዛሬ ማታ ሌላ እጽፋለሁ፣ ነገ እዚያው እለጥፋለሁ።

ዝናቡ ሲያባራ ዘሃራ ዘንድ ሄድኩ። ቦታዋን ከቀዳዳው ሁለት እርምጃ አርቃ ተቀምጣለች። ሰላም አልኳት። «ሰላም» አለች፣ ዓይኗ ድንቹ ላይ ነው። አንድ መደብ አልኳት። አንስታ ፌስታሌ ውስጥ ጨመረች። ፌስታሉን ከፍቼ ያዝኩላት፣ እንደ ድሮው። እጇን ጨርቋ ላይ ጠረገችና ወደሚቀጥለው ገዢ ዞረች።

ቤት ገብቼ ቆጠርኩ። አምስት ናቸው።

ነገ ከቀበሌ ስመለስ እሷው ጋ እገዛለሁ።