የሃረና ጫካ ምስክር

ሰኞ

እኔው ነኝ የምሄደው። እዚህ ጎባ ቢሯችን ውስጥ ኦሮምኛ የማይችል የለም፤ ዛሬ ግን ሁሉም ታሟል። ከአዲስ አበባ የመጣው ወጣት ባለሙያ፣ ጓድ መስፍን፣ ደብዳቤ ይዟል፦ የሃረና ጫካ በዋናው መሥሪያ ቤት ሥር ሆኗል፤ ገበሬ ማኅበሩ ቡና መልቀሙን ያቁም፣ ቀፎውንም ያውርድ። ቡናው ደግሞ ቀልቷል! አለቃዬ “ጫካውን ለማኅበሩ የሰጠነው እኛ ነን” እያሉ ቢሯቸው ውስጥ ይንጎራደዳሉ፤ ለሰውዬው ግን ትንፍሽ አላሉም። እኔ ታይፒስት ነኝ፣ የምሄደው ለማስተርጎም ብቻ። ለማስተርጎም ብቻ!

ማክሰኞ

ሳነቴ ተራራ ላይ ጣቴ በብርድ ደነዘዘ፤ ጫካው ውስጥ ስንገባ ሹራቤን አወለቅኩ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሐጂ አደም ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ደብዳቤውን አስተረጎምኩላቸው። ይጮሃሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። አዳምጠው ሲያበቁ፣ “እንግዳው መጀመሪያ ማር ይቅመስ። ነገ ዛፎቹን እናሳየዋለን” አሉ። ወደድኳቸው።

ረቡዕ

ወይ እግሬ! ቀኑን ሙሉ ጭቃ ስናቦካ ዋልን። እዚህ የራስን ዛፍ “የኔ ነው” ማለት ነውር ነው፤ የሚመሰክረው ጎረቤት ነው። በየዛፉ ሥር ቆምን። “ይሄ የከድጃ ነው። ባሏ ሞቷል፣ እኛ እንለቅምላታለን” ይላል አንዱ። ቀጥላ ከድጃ የእሱን ትናገራለች። አንድም ጠብ የለም። እኛ ቢሮ ለአንድ ወንበር ስንት ቀን ተኳርፈናል።

ጓድ መስፍን ደከመው። “እሺ፣ ጠቅላላው ጫካስ የማን ነው?” አለ።

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። “ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ የራሳችንን እኛ አንናገርም። ጎረቤታችን የጎባው ቢሮ ነው። አንቺ ተናገሪ።”

“የእነሱ ነው” አልኩ። “የሰጠናቸው እኛ ነን። ወረቀቱን የተየብኩት እኔ ነኝ።” በኦሮምኛም በአማርኛም አልኩት። ጓድ መስፍን ጻፈ። ስሜን ጠየቀኝና እሱንም ጻፈ።

ዓርብ

ጎባ። አለቃዬ “ማን ፈቀደልሽ?” ብለው ጮኹብኝ። “ማንም” አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

የጓድ መስፍንን ሪፖርት ተየብኩ፦ ይዞታው እስኪጣራ ትእዛዙ ይቆይ ይላል። የቢሯችን ፊርማ ያስፈልገዋል። አለቃዬ ሦስት ጊዜ አነበቡት፣ መነጽራቸውን ጠረጉ፣ ፈረሙ። ኮራሁባቸው።

አዲስ አበባ ምን እንደሚል አላውቅም። ስሜ ወረቀቱ ላይ ስላለ እፈራለሁ። ቢሆንም ጫካውን አቋርጦ ወደ ደሎ መና በሚሄደው አውቶቡስ ለሐጂ አንድ ቃል ላክኩላቸው፦ ልቀሙ።