ጣራ ሥር የተጠማው ሣር

ልጄ ሶሎንጎ፣ ሰማዩ ይጠብቅሽ፣ መንገድሽ እንደ ወተት ነጭ ይሁንልሽ። እኛ ደህና ነን፤ ፈረስሽ ብቻ ካንቺ ወዲያ ሰው አላስቀርብ ብሏል።

ባዛር የሚባል ተመራማሪ መስካችን ላይ ዝናብ የሚከለክል የፕላስቲክ ጣራ ሠርቷል። አንዱን ሣር ገና ሲበቅል፣ ሌላውን ሊያብብ ሲል አስጠማው። እኔ ደግሞ ጠዋት እንደ ልማዳችን ለመንገድሽ ወተት ወደ ሰማይ ስረጭ፣ አንጀቴን ቢበላኝ ከወተቱ ለአንዱ የሣር መደብ አፈሰስኩለት።

«እማማ! ልፋቴን በጭልፋ ደፉብኝ!» ብሎ ጮኸ።

«ታዲያ የተጠማ እያየሁ ልለፍ?» አልኩት።

ደግነቱ ሌላ ብዙ መደብ ነበረው። ጣራው ሲነሳ ዝናብ ለሁሉም እኩል ወረደ። በቡቃያነቱ የተጠማው ለመለመ፤ ሊያብብ ሲል የተጠማው ግን እንደደረቀ ቀረ። ሣር ካርቦን ከአየር ስቦ መሬት ውስጥ ያስቀምጣል አለኝ፤ ያ የደረቀው ግን ከሚስበው የሚተፋው በልጧል።

«ዝናቡ አንሶት አይደለም እማማ፤ ዘግይቶበት ነው።»

ይህን ስሰማ ነው ልጽፍልሽ የተቀመጥኩት። ትምህርትሽን አቋርጪ አልልሽም። ግን ስትሄጂ፣ እንደ ደንባችን፣ አንዱን ጉንጭሽን ስሜ ሌላውን ለመመለሻሽ አቆይቼዋለሁ። አራት ዓመት ሆነው። ሰማይ ያግዝሽና፣ እኔ ሳለሁ ያን ጉንጭሽን አምጪልኝ።

እናትሽ ዱልማ