ከጽዋው ጋር የመጣው ፎቶ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፣ ማታ

ዛሬም የመመረቂያ ጽሑፌ ምዕራፍ ሦስት። የጥንት ግሪኮች የግል ማኅበሮች፣ ንጉሥ የሚያመልኩት። በስሙ ይጠራሉ፣ ልደቱን ያከብራሉ፣ ይሠዉለታል፣ አብረው ይበላሉ። ፕሮፌሰሬ ማን አዘዛቸው ብለው ጠየቁኝ። ማንም፤ ወደው ነው አልኩ።

ቦናመስ፣ እዚህ ጀርመን የምኖርበት ሰፈር፣ ስደርስ ጋሽ ታምሩ ደጃፌ ላይ ቆመዋል። የጊዮርጊስ ማኅበራችን ሙሴ፣ ሰብሳቢው ማለት ነው፣ ጡረተኛ መሐንዲስ። እሑድ ጥቅምት 23 ተራዬ ስለሆነ ጽዋውን አመጡልኝ። በዚያው ከረጢት የአገራችን መሪ ፎቶ፣ ወርቃማ ፍሬም ያለው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ከጽዋው ጋር ከቤት ቤት ይዞራል፣ ከቅዱሱ ሥዕል ጎን ይሰቀላል። የግድ ነው ወይ አልኳቸው። ሳቁ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፤ ልጄ።» ሳቃቸው አላማረኝም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ፎቶው አሁንም ከረጢቱ ውስጥ። እንቅልፍ የለም። ማስታወሻዬ፣ ላንቺ ብቻ ልንገርሽ፤ እፈራለሁ።

ባለፈው ወር ተራው የወ/ሮ አልማዝ ነበር፣ ጊንሃይም የሚባለው ሰፈር። ግድግዳው ኮንክሪት ነው፣ ሚስማር አይቀበልም ብለው ሳይሰቅሉ ቀሩ። ማንም አልተናገራቸውም። በሳምንቱ አገር ቤት ያለው ወንድማቸው ለጥያቄ ተጠራ። ይገናኝ አይገናኝ አላውቅም። የሚያስፈራኝ ይኸው አለማወቄ ነው። የኔም ወንድም፣ ዮናስ፣ እዚያው አገር ቤት የመንግሥት መ/ቤት ነው የሚሠራው። ጋሽ ታምሩ ያውቃሉ። ለሥራው ማመልከቻ ሲያስገባ ጸልዩለት ብዬ ለማኅበሩ የነገርኩት ራሴ ነኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ለዮናስ ደወልኩ። ዝግ ባለ ድምፅ ያወራል፣ ቶሎ ቶሎ። «ስቀይው በቃ። ሚስማሩ የሚመታው ግድግዳው ላይ ነው፣ አንቺ ላይ አይደለም።»

ሰቀልኩት። ከዚያ ምዕራፍ ሦስትን ከፈትኩ፤ አንድ መስመር አልሄደልኝም። እነዚያ ግሪኮች ሁሉ ወንድም ነበራቸው ይሆን? ወደው ነው ያልኩትን ሰረዝኩት።

እሑድ፣ ጥቅምት 23፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ድፎው ደርሷል። ወንበር ከጎረቤት ተውሻለሁ። እንግዶቹ በ9 ይመጣሉ።

አሁን ልጄ ሊያ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ወንበር ላይ ወጣች። ቤተ ክርስቲያን እንደለመደችው ጊዮርጊስን ተሳለመች። ቀጥላ ፎቶውን ሳመችው፣ ግንባሯንም አስነካች። ለምን አልኳት። በጀርመንኛ መለሰችልኝ፤ እሱም ቅዱስ ነው አይደል፣ እማዬ፣ አንቺ እኮ ነሽ እዚያ የሰቀልሽው አለች።

ስድስት ዓመቷ ነው።

አወረድኩት። ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ፊቱን አዙሬ። ለዮናስ ጻፍኩለት፤ አወረድኩት፣ ይቅር በለኝ፣ ለጥቂት ቀን አክስታችን ጋ ሁን። ጋሽ ታምሩ ፎቶው የት አለ ማለታቸው አይቀርም። ሰበብ አልፈልግም። እኔ ነኝ ያወረድኩት፣ በልጄ ፊት አልሰቅለውም እላቸዋለሁ።

ሊፍቱ እኛ ፎቅ ቆመ። ቀድመው መጡ። ዮናስ መልእክቴን ገና አላየውም። ልከፍትላቸው ነው።