በጭብጨባ ስለጸደቀው ስድሳ ብር

ሶዶ፣ ነሐሴ 27 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለክቡር የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ፤ ወገብዎን ያስቸግርዎ የነበረው ወንበር በአዲስ መተካቱን ሰምተን እኛ በአግዳሚ ላይ የምንቀመጠው ሁሉ እፎይ ብለናል።

ከሐምሌ ጀምሮ የደመወዝ ግብር መቀነሱን አዳራሽ ሰብስበው ሲያበስሩን ያጨበጨብነው ከልባችን ነበር። ጭብጨባው ሳይበርድ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምረው ማንበብዎን ግን ያወቅነው ደመወዝ ስንቀበል ነው። ስለ ቅናሹ መንግሥትን ለምናመሰግንበት ሰልፍ ቲሸርትና ባነር ማሠሪያ እያንዳንዱ ሠራተኛ ለሁለት ወር ስድሳ ስድሳ ብር እንዲቆረጥበት ወስነናል አሉ። መዝገብ ቤት ስለምሠራ ቃለ ጉባኤውን አውጥቼ አየሁት፤ «ሠራተኛው በጭብጨባ፣ በሙሉ ድምፅ አጽድቆታል» ይላል። ሰው በመደሰቱ የሚቀጣበትን አሠራር ስላስተዋወቁን ምስጋናዬ ወደር የለውም። ሆኖም ጥቂት ነጥቦችን በትሕትና ላቅርብ።

፩ኛ. ስለ እኩልነት። የጽዳት ሠራተኛችን ወይዘሮ ዘመነች የዘጠኝ መቶ ብር ደመወዝተኛ ስለሆነች ከግብር ቅናሹ የደረሳት በወር ሃምሳ ሰባት ብር ከሃምሳ ነው። ስድስት ሺህ ለሚከፈልዎ ለእርስዎ የደረሰው ደግሞ አምስት መቶ ሁለት ብር ከሃምሳ። መዋጮው ግን ያለ አድልዎ ለሁለታችሁም ስድሳ ብር ሆነ። በዚህም መሠረት ዝቅተኛ ገቢ ያለውን ይደግፋል በተባለው ማሻሻያ ዘመነች በየወሩ ሁለት ብር ከሃምሳ ከስራለች፤ እርስዎም በየወሩ ከአራት መቶ አርባ ብር በላይ የማትረፍን ሸክም ተሸክመዋል።

፪ኛ. ስለ ቅቤ። ዘመነች ባሏ ከሞተ አራት ዓመት ሆኗታል። አንድ ልጇን ኤልሻዳይን ዘንድሮ ለጉኑኖ ሰው ድራለች፤ አማቿም ለመጀመሪያ ጊዜ ለመስቀል ቤቷ ይመጣል። የሰፈሯ ሴቶች ለበዓሉ ቅቤ መግዣ ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ሲያጠራቅሙ እሷ አቅም አጥታ ቆይታ ነበር። ግብር ተቀነሰ ሲባል ግን ሄዳ ለመነቻቸው፤ በሐምሌ ሃምሳ፣ በነሐሴ ሃምሳ ከፍላ የግማሽ ኪሎ ድርሻ እንዲኖራት ፈቀዱላት። የሐምሌውን ሳትከፍል ስትቀር ታገሷት። የነሐሴም መቆረጡን ግን ትናንት አወቀች።

፫ኛ. ስለ ሙሉ ድምፅ። ይህን ይዛ ፋይናንስ ክፍል ወደ አቶ ሐብተማርያም ገባች። እሱም ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ «አንቺም አብረሽ አጨብጭበሻል እኮ፣ ዘሙ» አላት።

«በየትኛው እጄ?» አለችው። «የኃላፊያችንን ሻይ ማን ይዞልኝ?»

እውነቷን ነው፣ ክቡር ሆይ። ከበሩ አጠገብ ትሪ በሁለት እጇ ይዛ ንግግርዎ እስኪያልቅ ስትጠብቅ እኔም አይቻታለሁ። ስለዚህ ከመቶ አሥራ ሁለት ሠራተኛ አንዷ አላጸደቀችም። አቶ ሐብተማርያም ግን ቅሬታ መቅረብ የነበረበት ቃለ ጉባኤው ከመፈረሙ በፊት እንደሆነ ነግሮ አሰናበታት። ቃለ ጉባኤው ግን የተፈረመው ስብሰባው በተካሄደበት ቀን፣ ከስብሰባው ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ነው፤ ሰዓቱ ማኅተሙ አጠገብ ተጽፎ ይገኛል።

ሴቶቹ ቅቤ ሊገዙ ገበያ የሚወርዱት ጳጉሜን ሦስት ነው። ከዚያ በፊት መቶ ሃያ ብሯን እንዲመልሱላት እጠይቃለሁ። ባነሩ በአንድ ሜትር ቢያጥር መንግሥት ማመስገናችንን የሚጠራጠር አይመስለኝም።

በተሰበሰብንበት ሁሉ ያልተናገርነውን አሟልተው የሚሰሙልን፣ ያልያዝነውንም የሚቀበሉን ክቡርነትዎን ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ እየነሣሁ፣

ደገፉ ዳና
የመዝገብ ቤት ሠራተኛ

ግልባጭ፦ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለሚያነብ ሁሉ

ማስታወሻ፦ ገንዘቡን መመለስ የማይቻል ከሆነ፣ የመስቀል ዕለት ዘመነች ቤት ጎራ ብለው በቅቤ ርሶ መቅረብ የነበረበት የቆጮ ምግብ፣ ሙቹዋው፣ ደረቅ ቆጮ ብቻ ሆኖ ቅቤው የት እንደቀረ ለአማቿ በራስዎ አንደበት ቢያስረዱላት ይበጃል። እሷ «መግዛቱን ረስቼው ነው» ልትለው አስባለች፤ በዚህ ዕድሜዋ እርስዎን ለመሸፈን ስትዋሽ ማየት ደግሞ እኔን ይከብደኛል።