ናሆም በሰከንድ 2400 ቢት

ኦክቶ. 14፣ ማክሰኞ፣ ከት/ቤት መልስ

ባሱ ዘገየ። የኬሚስትሪ ፈተና ምንም አይልም። እራት ፓስታ።

እማዬ ዛሬም ጠየቀችኝ። ቅዳሜ የወንድሜ የናሆም አርባ ነው። ከዚያ በፊት ድምፁን መስማት ትፈልጋለች። ስልኩ ሀይዌይ ላይ ከመኪናው ጋር ደቅቋል። የድምፅ መልእክት ትቶ አያውቅም፤ ካላነሣንለት እስክናነሣ ይደውል ነበር። ቪዲዮዎቹ ላይ ወይ ይስቃል ወይ ሙዚቃ ውጦታል።

እፈልግልሻለሁ አልኳት። አንድ ፋይል እንዳለኝ ግን አልነገርኳትም።

ኦክቶ. 15፣ ረቡዕ

ደብተሬ፣ ላስረዳህ። ናሆም ቤቱ ሳን ሆዜ፣ ሥራው ሚልፒታስ ነበር። መ/ቤቱ ምስጢራዊ ንግግር የሚያስተላልፍ ሬዲዮ ይሠራል። መስመሩ ቀጭን ስለሆነ ንግግሩ መጀመሪያ ይጨመቃል፣ ከዚያ ሌላ ሰው እንዳይሰማው ይቆለፋል። በሰከንድ 2400 ቢት ብቻ። የስልክ ድምፅ የዚህን ብዙ እጥፍ ይወስዳል።

የተጨመቀው ድምፅ ይለይ እንደሆነ መ/ቤቱ የሚፈትነው በእንግሊዝኛ ቃላት ነበር። ናሆም በትርፍ ጊዜው በአማርኛ ይሞክረው ነበር። እሁድ እኛ ጋ ኦክላንድ ሲመጣ የራሱን ድምፅ ጨምቆ ያሰማኛል። እኔ «ጥል» ይሁን «ትል» የሰማሁትን እጽፋለሁ። ስሳሳት ጆሮህ ፈረንጅ ሆነ ይለኛል።

የመጨረሻው ቅጂ ላፕቶፔ ላይ ቀርቷል። ያልተጨመቀው በመ/ቤቱ ላፕቶፕ ላይ ነበር፤ መልሰው ወሰዱት።

የኔው ይነዝራል። ንብ ቧንቧ ውስጥ ገብታ የምታወራ ይመስላል። ይህን ለእናት ያሰማሉ?

ኦክቶ. 16፣ ሐሙስ

የክፍሌ ልጅ ኤዲ መላ አለኝ አለ። በምሳ ሰዓት ፋይሉን ድምፅ በሚያጸዳ ኤአይ አሳለፈው። ንዝረቱ ጠፋ። ወፍራም፣ ለስላሳ ድምፅ። ያምራል። ደስ አለኝ። ባሱ ላይ ደግሜ ስሰማው ደስታዬ ቀነሰ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሁለቱንም ይዤ ወደ ሕንፃችን ምድር ቤት ወረድኩ፣ ጋሽ በቀለ ጋ። በጃንሆይ ጊዜ ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ጡረታ የወጡ የሬዲዮ መሐንዲስ ናቸው። ናሆምን ወደዚህ ሥራ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ማዳመጫ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

የሚጨምቀው መሣሪያ፣ ኮደሩ፣ ድምፁን አይልክም አሉኝ። የድምፁን ከፍታ፣ ጉልበቱን፣ የአፉን ቅርጽ፣ የቱ ጋ ትንፋሽ ብቻ እንደሆነ ይለካል። የሚላከው ልኬቱ ነው። ወዲያ ማዶ ያለው ማሽን በልኬቱ እንደ አዲስ ይሠራዋል።

ታዲያ ሁለቱም የውሸት ናቸው? አልኩ። ወደሚነዝረው ጠቆሙ።

«በዚህኛው የተለካው እሱ ነው፣ ኪሩ። ያኛው ግምት ነው።»

አንድ ሐሳብ ነበረኝ። ናሆም እንደነገረኝ፣ ተናጋሪው ይታወቅ እንደሆነ ሲፈተን ለሰሚው የሚናገረው ማን እንደሆነ አይነገርም። እማዬን ሳልነግራት ባሰማትስ? ጋሽ በቀለ ማዳመጫውን አወለቁ።

«እናትህ የሙከራ ሰሚ ናት እንዴ? ቁጭ በልና ንገራት።»

ኦክቶ. 17፣ ዓርብ፣ ማታ

ነገርኳት። ከሺፍት ስትወጣ ፓርኪንግ ውስጥ፣ ሞተሩ ሳይነሣ። ሁለት ናቸው፣ አንዱ ተበላሽቷል፣ ሌላው ተጠግኗል አልኳት። የተጠገነውን አስቀደምኩ።

እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማች። ደኅና አንባቢ ነው አለች። እንግዳ ሰው እንደምታመሰግን።

የሚነዝረውን ከፈትኩ። ጥል። ትል። ቀሰመ። ከሰመ። መሐል ላይ ተንፍሶ ይፈጥናል። የዩኒፎርሟን እጅጌ ጨብጣ ያዘች።

«ምሳ ሳይበላ ነው።»

እንዴት አወቅሽ አልኩ። ሲርበው እንዲህ ነው አለች፤ ቃሉን ሳይጨርስ ቀጣዩን ይጀምራል፣ ከሕፃንነቱ። ከዚያ አለቀሰች። እኔም።

መጨረሻው ላይ «ጻፍክ?» ይላል። እኔን ነው። አስደገመችኝ። ሦስተኛው ላይ፦

«ይጠይቅሃል እኮ። ምን አልከው?»

አልጻፍኩም ነበር። ያን እሁድ ራት ቀረበ፣ ለሚቀጥለው እንጨርሰዋለን ተባባልን።

ኦክቶ. 18፣ ቅዳሜ

ቅዳሴ፣ ፍትሐት፣ ከዚያ አዳራሽ። ሰው ብዙ ነበር። አክስቴ ድምፁ ተገኘ ሲባል ሰምታ በማይክ እናሰማ አለች። እማዬ አይሆንም አለቻት፤ ለሥራ የቀዳው ነው፣ ሥራው ደግሞ አላለቀም።

አሁን እንግዳ ወጥቷል። ኤዲ የሠራውን አጠፋሁት። ለጋሽ በቀለ ነግሬያለሁ፤ የቃላቱን ፈተና ጨርሼ ውጤቱን ለናሆም የሥራ ባልደረቦች በሳቸው በኩል እልካለሁ። ወረቀት አውጥቻለሁ።

1 ጥል። 2 ትል። 3 ቀሰመ። 4 ከሰመ። 5 አይለይም። ወደ ኋላ መልሼ ሰማሁት፣ አሁንም አይለይም። እማዬ ጫማዋን አውልቃ መጣች። ሁለተኛውን ማዳመጫ ስጠኝ አለች። የየራሳችንን እንጻፍ፣ አትይብኝ እያለች ነው፣ ቆይ