«በልባችን ናችሁ» ላለን ሰው ያልሰጠሁት ድምፅ

ለወንድም ዓለሜ ለግሬም፦

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት አደረገህ? ፊሊፓን ያ ሳል ለቀቃት ወይ? ቶቢና አይላ ረዘሙ ወይስ እንደኛ ዘር ወደ ጎን ነው የሚያድጉት? የለንደን ብርድ ሳይጠና ይቺ ደብዳቤ በጤና ታግኛችሁ። እኛ ደህና ነን። አባባን ጉልበታቸውን ቢያማቸውም «የታመመው ጉልበቴ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» እያሉ ይውላሉ። ዝናቡ ዘንድሮ በልኩ ጥሏል፣ በጎቹ ወልደዋል፣ ሱቁም የአጥር ሽቦና ቦቲ ጫማ እየሸጠ ቆሟል።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። «ለእልህ ብለሽ ነው እምቢ ያልሽው፤ ዘመኑ ጥሎሽ እየሄደ ነው» ብለሃል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ ተናድጄ፣ ቀጥሎ ቀዝቅዤ። የምመልስልህ ከሁለተኛው ንባብ ነው። የሆነውን ሁሉ በማስታወሻ ደብተሬ በየዕለቱ ስለጻፍኩ፣ አንድም ነገር ጨምራለች ብለህ እንዳትጠረጥረኝ።

አጭሩን ክሪኬት ጠልቼ አይደለም። በሦስት ሰዓት የሚያልቅ ጨዋታ አራት ቀን ሙሉ ከሚጎተተው ይልቅ ለእኔ ቢጤ ነጋዴ ይስማማል። የክፍለ ሀገራችን ቡድን በየዓመቱ ዲሴምበር 28 ቀን ዋይቶሬ መጥቶ አንድ አጭር ጨዋታ ይጫወታል፤ ያን ቀን ወንበሩን ተሸክሞ ሣሩ ላይ የሚሰፍረው ሰው የከተማችን ሕዝብ ሦስት እጥፍ እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። ለውሳኔ የቀረበው ጉዳይ ሌላ ነው፦ በአጭሩ ጨዋታ የክፍለ ሀገር ቡድኖች ይቅሩና ባለሀብቶች የሚገዟቸው አዲስ የፍራንቻይዝ ቡድኖች ይተኳቸው ወይ? የሚል። አንድ ዓይን ያላት በአፈር አትጫወትም። የእኛ አንዷ ዓይን ያቺ ቀን ናት።

ሜይ 17 ቀን የፍራንቻይዙ አግባቢ ብሬት ሆልካም ሜዳችንን ሊያይ መጣ። ጥሩ ሰው ነው፣ ጨዋ ነው። ግን ከመኪናው እንደወረደ በዚያ በሚያብረቀርቅ ጫማው ቀጥ ብሎ መደቡ ላይ ወጣ፤ ኳሱ የሚነጥርበት፣ አባባ ያን ሰሞን አዲስ የሣር ዘር የዘሩበት መደብ ላይ! አባባ ከጎተራው ደጃፍ ሆነው «አንተ ሰውዬ! ውረድ ከዚያ! የሦስት ዓመት ሕፃን እንኳ አይረግጠውም!» ብለው ጮኹ። ሰውየው ያነሳውን እግር የት እንደሚያሳርፈው ጠፍቶት እንደ ሽመላ በአንድ እግሩ ቆመ። በኋላ በሻዩ ሰዓት እንደ ልማዳችን ሁሉም ቤት አንድ አንድ ሳህን ምግብ ይዞ መጥቶ ነበር። ወይዘሮ ቤሪል ሰውየው ከየሳህኑ ሲያነሳ በዓይናቸው ሲቆጥሩ ቆይተው፣ «ጌታዬ፣ ከስምንት ሳህን ቀምሰዋል። የእርስዎ የትኛው ነው?» አሉት። እሱ ይዞ የመጣው የማስታወቂያ መጽሔት ብቻ ነበር።

በዚህ ተቀይመሽ ነው እንዳትለኝ። ጫማ ይቅር ይባላል።

ድምፅ የሰጠነው ጁላይ 8 ቀን ነው። የክፍለ ሀገሩ አሥር ከተሞች ለክሪኬት ማኅበሩ ጉባኤ አንድ አንድ ወኪል ልከዋል፤ የዋይቶሬ እኔ ነበርኩ። ሆልካም የአዲሱን ቡድን ስም ገለጠልን፦ «ማዕበል»። የኮርቢ ከተማ ወኪል ቀበል አድርጎ፣ «ማዕበል? ባሕር ለማየት እኮ እኛ ስንቅ ይዘን ነው የምንሄደው!» አለና ቤቱን አሳቀው። እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። በየዓመቱ አንድ ጨዋታ ዋይቶሬ እንዲሆን ውሉ ላይ ይጻፍ አልኩ።

«የውሉ መንፈስ ውስጥ አለ፣ ሬዋ» አለኝ።

«መንፈስ አይፈርምም» አልኩት።

«ዋይቶሬ እኮ በልባችን ናችሁ!»

«በልብዎ ካለን ወደ ወረቀቱ ለማውጣት ምን ያስቸግራል? ብዕር አበድርዎታለሁ።»

ሰው ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ግን «ባለቤቶቹ የት እንደሚጫወቱ የመወሰን ነፃነት ሊኖራቸው ይገባል» አለ። እውነቱን ተናገረ፣ አከበርኩት። ሠላሳ ዓመት ነግጃለሁ፤ የገዛ ሰው ዕቃውን ወደ ፈለገበት ይወስዳል፣ አይወቀስም፣ የራሱ ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው ሳይሸጥ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? የአይብ ፋብሪካው ሲሸጥ ገዢው «ምንም አይለወጥም» ብሎን ነበር። አልዋሸም። ሕንፃው አልተለወጠም፣ ዛሬም ባዶውን ቆሟል። አንተ ወደ ለንደን የሄድከው ያን ዓመት ነው።

ሰባት ለሦስት ተሸነፍን። ከዚያ ሊቀመንበሩ ወደ ጥግ ወሰደኝና፣ «እባክሽ ድምፅሽን ለውጪው፤ እንዳንቺ የተቃወሙት ሁለቱም እሺ ብለዋል፣ በአንድ ድምፅ ቢባል ያምራል። ተጫዋቾቹ መጥተው ሸሚዝ ይፈርሙላችኋል» አለኝ። «ሸሚዝ አስፈርመን የት ልንለብሰው ነው?» አልኩት። እምቢታዬ ከከተማችን ስም ጋር በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር አደረግሁ፤ እስኪጻፍም ቆሜ አየሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትለኝ ይሆናል፣ ወንድሜ። እኔ የጮህኩት ጅቡ ደጅ ቆሞ ሳለ ነው።

ገንዘቡ ለወጣቶች ይጠቅማል ያልከው ሐሰት አይደለም፤ ለጥቂቶቹ ይጠቅማል። ግን ከዋይቶሬ ተነሥታችሁ ለክፍለ ሀገሩ የተጫወታችሁት አራት ሰዎች፣ መጀመሪያ ያያችሁት ትልቅ ጨዋታ የቱ ነበር? የሜዳው ገመድ ዳር ተቀምጣችሁ ያያችሁት ይኸው የዲሴምበሩ አይደለም እንዴ?

ውጤቱን ለአባባ ያኔውኑ ነግሬያቸዋለሁ። ሴፕቴምበር ሲገባ ግን ከባዱን ሮሎ አስነሥተው መደቡን መዳመጥ ጀመሩ። ሄጄ፣ «አባባ፣ ዘንድሮ ጨዋታ የለም እኮ» አልኳቸው። ሮሎውን ሳያቆሙ፣ «ቡድን የለም በይ! ጨዋታ የለም ያለው ማነው?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። መደብ አለን፣ ቀን አለን፣ ሕዝብ አለን፤ የጎደለን ሃያ ሁለት ሰው ነው። የጎደለ ዕቃ መፈለግ ደግሞ ሥራዬ ነው። ለኮርቢው ወኪል ደወልኩለት፤ «ባሕር እስካልሆነ ድረስ እንመጣለን!» አለ። ዲሴምበር 28 ቀን ዋይቶሬ ከኮርቢ ይጋጠማል። ማስታወቂያው በሱቁ በር ላይ ተለጥፏል፤ የእኛም አሰላለፍ ከሥሩ አለ። «ማዕበል» ያን ቀን በከተማ ስታዲየም ይጫወታል አሉ። ይጫወት፤ እኛ ቀኑን አልሸጥንም።

ለፊሊፓ እጅግ አድርገህ ሰላም በልልኝ። ስትመጣ አንድ ሳህን እንዳትረሳ፤ ስሟን ከሥሩ ትለጥፍበት፣ አለዚያ ወይዘሮ ቤሪል ይወርሱታል። ቶቢን ጉንጩን ሳምልኝ። ለአይላ አያቷ ሮሎው ላይ ሊያስቀምጧት ቃል ገብተዋል በላት። ወይዘሮ ቤሪል «ያ ቀጫጫ ልጅ አሁንም ቀጫጫ ነው?» ብለው ጠይቀውሃል፤ ምን እንደምመልስላቸው ጻፍልኝ። አባባ ሰላም ብለውሃል፤ ያኔ ዘጠና አራት ነጥብ ላይ ሳለህ ዝናቡ ያቋረጠብህን ጨዋታ ዛሬም «መቶ ለመሙላት ስድስት ቀረው» እያሉ ያነሱታል።

በአሰላለፉ ላይ ሦስተኛው ስም የአንተ ነው። በማይለቅ ቀለም ጻፍኩት። መሰረዝ ከፈለግህ እዚህ መጥተህ፣ አባባ ፊት ሰርዘው።

እህትህ ሬዋ
ዋይቶሬ፣ ኒውዚላንድ
እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 19 ቀን 2025